ያችን የባርኔጣዋን

በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ ስንጠጣ፣ ተራው በማንም ቤት ይሁን በማን፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ፣ ከማኅበርተኞቻችን አንዱ፣ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ አስቀድሞ የጠገበው፣ አፉን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ወደ እኔ ይዞርና «እስቲ ጋሼ፣ ያችን የባርኔጣዋን» ይለኛል። ንገረን እንኳ አይልም። «ያችን» ከተባለ የትኛዋን ብሎ የሚጠይቅ በማኅበሩ ውስጥ የለም።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ በአጭሩ ልበለው። ከአርባ ዓመት በፊት በእኅቴ ሠርግ ቀን፣ ዘመናይ መስዬ ለመታየት ከመርካቶ የገዛኋትን የሣር ባርኔጣ ደፍቼ፣ ከዳሱ ደጃፍ ቆሜ የሙሽራውን ወገን እጅ እየነሣሁ ስቀበል፣ የሙሽራው አጎት የመጡባት በቅሎ ከበስተኋላዬ ቀረብ ብላ ክፈፉን መጋጥ ጀመረች። እኔም ነፋስ መስሎኝ ባርኔጣዋን በግራ እጄ ጫን፣ ጫን እያደረግሁ መስገዴን ቀጠልሁ፤ አማቾቻችንም ጨዋዎች ነበሩና የሚያዩትን እንዳላዩ ሆነው አለፉ፤ የመጨረሻው እንግዳ ከገባ በኋላ በራሴ ላይ የተረፈው ጥቁሩ ጥብጣብ ብቻ ነበር። ይኸው ነው።

ጨዋታዪቱ ክፉ አይደለችም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሹምነት 31 ዓመት ያገለገልሁ፣ በነዚያ መደርደሪያዎች መካከል ስንት የሰው ልጅ ጠባይ ያየሁ ሰው ስሆን፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ፋይል የመሰለ ታሪክ በሆዴ ይዤ ስኖር፣ በመላ ዘመኔ ለትውልድ የሚተርፈው በበቅሎ ጥርስ የተሠራው ሥራ መሆኑ ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንዲሉ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ታባብሰዋለች፤ የሳቁ ቦታ የት እንደ ሆነ ስለምታውቅ እኔ ሳልደርስበት ቀድማኝ ትስቃለች።

በዚህ ዓመት ለትንሣኤ የእኅቴ ልጅ፣ ማለት የዚያው ሠርግ ፍሬ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ከሚነዳበት አገር መጣ። ሸሚዝ፣ የደም ግፊት መለኪያና አንድ ሲዲ ይዞልኝ ነበር። ሸሚዙ ጠበበኝ፣ መለኪያው አስደነገጠኝ፤ ሲዲውን ግን «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ በሌሊት ተራ ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ አድኖኛል፤ ኒል ያንግ ይባላል፤ የዘመኑ ምርጥ ምርጡ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለልዎት» ብሎ ራሱ ከማጫወቻው ውስጥ ከተተልኝ።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1945 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ የልጅነት ልምሻ ይዞት በእግዚአብሔር ቸርነት የተረፈ፣ በዊኒፔግ ጊታር ያነሣ፣ በ1966 ደግሞ ሬሳ ለማመላለስ የተሠራ የ1953 ሥሪት ፖንቲያክ እየነዳ ሎስ አንጀለስ የገባ የሮክ ዘፋኝ ነው። የሬሳ መኪና መውደዱ ለፌዝ አልነበረም፤ የአስከሬን ሣጥን እንዲያንሸራትቱ ከወለሉ ላይ የተተከሉት መንኰራኵሮች ከባዱን የጊታር ማጉያ ለማስገባትና ለማውጣት ስለሚያመቹ ነው። በዚያች መኪና ከተማዪቱን ሲዞር የድሮ ወዳጁን በመንገድ መጨናነቅ መካከል አገኘውና ቡድን አቋቋሙ፤ ስምም ሲያጡ ከመንገድ ዳር ከቆመ የመንገድ መዳመጫ ላይ «ቡፋሎ ስፕሪንግፊልድ» የሚል ጽሑፍ አንብበው ያንኑ ወሰዱ። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን «ዳምጠው» ተብሎ በቀረ ነበር።

ድምፁን ስሰማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሁዳዴ በአምስተኛው ሳምንት ለማኅሌት የቆመ፣ ውሃ የጠማው ደብተራ መሰለኝ። ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ተበጠሰ ሲሉት አይበጠስም። በሦስተኛው ቀን ግን ገላዬን ስታጠብ ሳንጎራጉረው ራሴን ያዝሁት።

ያ ሲዲ በ2004 የወጣ ሲሆን 16 ዘፈኖች አሉበት። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና አስቀድሞ የጠየቅሁት ስለ ዜማው ሳይሆን ስለ አመራረጡ ነበር። «ማን መረጣቸው? ራሱ ነው?» አልሁት። መልሱ አስገረመኝ፤ መመዘኛው ዘፈኑ በወጣበት ዘመን ስንት ሸክላ እንደ ተሸጠ፣ በራዲዮ ስንት ጊዜ እንደ ተሰማ፣ ከኢንተርኔትም ስንት ጊዜ እንደ ተገለበጠ ተቈጥሮ ነው፤ ይኸውም በግልጽ ተነግሯል። በእኛ ስንክሳር ቅዱሳን በገድላቸው፣ ሰማዕታት በደማቸው ይገባሉ እንጂ ሥዕላቸው በስንት ብር ተሸጠ ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም። ዳሩ ግን ጥቂት ቈይቼ ሳስበው ሰውዬውን ለማማት የሚያበቃ ድፍረት አጣሁ። ባርኔጣዋስ በምን ተመረጠች? በሳቅ ቍጥር አይደለምን?

ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቈጠርሁ። ከ16ቱ 11ዱ ከ1969 እስከ 1972 በወጡ ሥራዎች ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ሰውዬው ያን ጊዜ ከ23 እስከ 26 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በ1970 በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ 4 ተማሪዎች በወታደር ጥይት ሲወድቁ በቀናት ውስጥ ገጥሞ የቀዳውም ከነዚሁ አንዱ ነው። ለቀረው ዘመኑ፣ ማለት ሰው ለሚያገባበት፣ ለሚወልድበት፣ ለሚከስርበት፣ ልብ ለሚገዛበት ዘመን ሁሉ፣ የተተወለት ስፍራ አምስት ነው። የመጨረሻዪቱ የ1992 ናት፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ሥራ ሲያወጣ የኖረው ሰው በዚህ መዝገብ መሠረት ከ1992 ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ መግቢያው ነው። በሲዲው መጀመሪያ ተከታትለው የተቀመጡትን ሦስት ዘፈኖች ሰውዬው የደረሳቸው በአንድ ቀን፣ ያውም በጉንፋን ተይዞ፣ ትኵሳቱ ከ39 ዲግሪ በላይ ወጥቶ በአልጋ ላይ ሳለ ነው ይባላል። ከሦስቱ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ዘጠኝና ዐሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ። እኔ በትኵሳት ስያዝ ያፈራሁት ነገር ቢኖር የማልከፍለውን ስለት ብቻ ነው። በደኅና ጤንነት ሃምሳ ዓመት የደከመ ሰው ከመዝገቡ ራስጌ የአንድ ቀን ብርድ ብርድ ማለቱ ተጽፎ ሲያገኘው ምን ይለው ይሆን?

ከዚህ ቀደም እሱ ራሱ መርጦ ነበር። በ1977 «ዲኬድ» የሚባል፣ ሦስት ሸክላ የሞላ፣ 35 ዘፈኖች ያሉበት ስብስብ አውጥቶ፣ ከየዘፈኑ አጠገብ በገዛ እጅ ጽሑፉ አጭር አጭር ማስታወሻ አኑሮበታል። «ሃርት ኦፍ ጎልድ»፣ ማለት የወርቅ ልብ የተባለው ዘፈኑ፣ በአሜሪካ ገበያ አንደኛ የወጣለት ብቸኛ ዘፈን ነው፤ እሱ የሚገኝበትም «ሃርቨስት» የተባለው ሥራ በ1972 በዚያ አገር ከሁሉ ይልቅ የተሸጠ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ስፍራ ላይ ምስጋና ያቀርብ ነበር። እሱ ግን የጻፈው፣ ይህ ዘፈን ከአውራው መንገድ መካከል እንዳስገባው፣ ያም መንገድ ቶሎ ስለ ሰለቸው ወደ ቦዩ እንደ ወረደ፣ ጕዞው ቢያንገላታም በቦዩ ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች የበለጠ ደስ የሚሉ እንደ ነበሩ ነው። እንዳለውም አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ሦስት ሥራዎች ጨለማና ሸካራ ሆነው፣ ወርቅ ልብ ፈልጎ የመጣውን ገዢ ከደጃፍ መለሱት።

ወደ ቦይ መውረድ ግን ያስከስሳል። ይህን ስል ምሳሌ መናገሬ አይደለም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጌፈን ከሚባል የሸክላ ኩባንያ ጋራ ውል ተዋዋለ። ኩባንያው የገዛው የወርቅ ልቡን ሰውዬ ነበር፤ የመጣለት ግን ድምፁን በማሽን አፍ አሳልፎ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናገር መንፈስ የሚዘፍን ሌላ ሰው ሆነ። ቀጥሎ የባላገር ዘፈን ሠርቶ ቢያመጣ ኩባንያው ይህንንስ አንፈልግም፣ ሮክ ኤንድ ሮል ስጠን አለው። እሱም «እሺ» ብሎ ሄደና፣ ጠጕሩን በቅባት አስተኝቶ፣ በእናቶቻችን ዘመን የሚዘፈነውን የ1950ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል፣ ያውም በ25 ደቂቃ የሚያልቅ፣ ሠርቶ አስረከበ። ቃል በቃል የታዘዘውን ነው ያመጣው። እንዲህ ያለውን መታዘዝ እኔ በመሥሪያ ቤት ሳለሁ ከአንድ ተላላኪ በቀር በማንም ላይ አላየሁም።

በ1983 ኩባንያው ከሰሰው። የጠየቀው ካሣ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የክሱም ቃል በአጭሩ ሲተረጐም፣ ያቀረበው ሥራ ለገበያ የማይሆንና የራሱን የቀድሞ ሥራ የማይመስል ነው የሚል ነበር። እኔ በመዝገብ ቤት ዘመኔ ሰው በሰው ስም ሲነግድ ተከስሶ አይቻለሁ፤ ሰው የሌላውን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ ተከስሶ አይቻለሁ፤ ራሱን ባለመምሰሉ የተከሰሰ ግን ይህ ሰው የመጀመሪያዬ ነው። ዳኛው ምን ዓይነት ምስክር ያስቀርብ ነበር? ዘፋኙን ከዘፋኙ አጠገብ አቁሞ ያመሳክር ነበርን? ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ የኩባንያው ባለቤትም በኋላ ይቅርታ እንደ ጠየቀው ይነገራል።

ስለዚያ ስለ ቆርቆሮ ድምፅ ግን ሰውዬው ከዓመታት በኋላ ሲናገር፣ ከልጆቹ አንዱ በሕመም ምክንያት መናገር የማይችል ስለ ነበረ፣ ከእሱ ጋራ መነጋገሪያ መንገድ የመፈለግ ነገር በዚያ ሥራ ውስጥ እንዳለበት ገልጧል። ቃሉ የማይለየው ለዚህ ነው፤ አባትየው ከልጁ ዘንድ የሚሰማው እንዲህ ነበረና። ከዚያ ከጌፈን ዘመን በሙሉ በእኔ ሲዲ ላይ የገባ ዘፈን ስንት ነው ብዬ ቈጠርሁ። የለም፤ አንድም የለም።

እኔ በልጅነቴ ለጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ገብቼ ጉባኤ ቃና ቈጥሬ፣ ከመወድስ ሳልደርስ ወደ አስኳላ የኰበለልሁ ነኝ። ከዚያ የቀረኝ ጥቂት ሰዋስውና አንድ ትዝታ ነው። የኔታ በአንድ ዓመት በደብሩ ክብረ በዓል የተቀኙት ቅኔ በአገሩ ሁሉ ተወርቶ ነበርና፣ በዓመቱ በዚያው በዓል ካህናቱ «የኔታ፣ ያምናውን ይድገሙልን» ብለው ለመኑአቸው። እሳቸውም በመቋሚያቸው ላይ እንደ ተደገፉ «አምና እዚሁ አልነበራችሁም? ለምን አልሰማችሁም?» ብለው ሌላ፣ ደግሞም እንደ ብዙዎቹ አስተያየት ካምናው ያነሰ፣ ቅኔ ዘረፉ።

ዜማ ሌላ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ተቀምሮ ከዘመን ዘመን የደረሰ ስለ ሆነ፣ አንዲት ምልክት ያሳተ ደብተራ ዓይን ይበላዋል፤ መሪጌታው አዲስ ነገር ላምጣ ቢል የሚመሰገንበት ስፍራ የለም። ቅኔ ግን የተደገመ ዕለት ቅኔነቱ ያልቃል። የዚያ የካናዳ ሰው መከራ፣ በእኔ ግምት፣ ባለቅኔ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ባለዜማ ነው ብሎ መያዙ ነው። ሕዝቡም አይፈረድበትም፤ በሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ከእንቅልፍ የሚጠብቀው የሚያውቀው ዜማ ነው እንጂ አዲስ ቅኔ አይደለም።

ጠቢቡ ሰሎሞንስ ቢሆን? መጽሐፈ ነገሥት መኃልዩ 1005 እንደ ነበረ ይነግረናል። ከዚያ ሁሉ «መኃልየ መኃልይ»፣ የዘፈኖች ዘፈን የሚባለው ከነስሙ ደርሶናል፤ የቀረውን ምን በቅሎ እንደ ጋጠው የሚነግረን የለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ የማትቈጠር ዘፈን አለችው። እኛ 77 በምንለው በዚያ ክፉ ዓመት፣ በ1985 በየካቲት ወር፣ የካናዳ ዘፋኞች በቶሮንቶ ተሰብስበው «ቲርስ አር ኖት ኢነፍ»፣ ማለት እንባ አይበቃም የተባለውን ዘፈን ለተራቡት ወገኖቻችን ሲቀዱ እሱም ከመካከላቸው ነበር። አዘጋጁ ዴቪድ ፎስተር ስንኙን ሰምቶ «ድምፅህ ትንሽ ወረደ፣ እንድገመው» ቢለው፣ የእኔ ድምፅ ይኸው ነው የሚል መልስ እንደ ሰጠው በሰፊው ይወራል። በራሱ መዝገብ ራስህን አልመሰልህም ተብሎ የተከሰሰው ሰው፣ በእኛ ረኀብ ምክንያት በተሰበሰበ ጉባኤ መካከል ነው ድምፁ የራሱ መሆኑን የመሰከረው። ለዚህ ውለታ ሲባል የደብተራውን ነገር ከላይ መጻፌን ይቅር እንዲለኝ እለምናለሁ።

ከሲዲው ውስጥ ልቤን የወሰደችው ዐሥረኛዋ ናት፤ «ኦልድ ማን» ትባላለች፣ ሽማግሌው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ዘፋኙ ገና የ24 ዓመት ጐረምሳ ሳለ በካሊፎርንያ ሰፊ የከብት ርስት ገዛ። በርስቱ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ጠባቂ በአሮጌ ጂፕ እየዞሩ መሬቱን ሲያሳዩት፣ ለመሆኑ አንተን የሚያክል ልጅ ይህን ለመግዛት ገንዘቡን ከየት አገኘህ ብለው ቢጠይቁት፣ ዕድለኛ ሆኜ ነው አላቸው፤ ዘፈኗንም ለእሳቸው ሠራት። ዘፋኙ አሁን 80 ዓመት ሞልቶታል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ያላቸውን ሰው በዕድሜ ሳይበልጣቸው አይቀርም። ግን በየመድረኩ ሲወጣ ሕዝቡ ያችኑ ይጠይቀዋል፤ እሱም የ24 ዓመት ልጅ ሆኖ ለሽማግሌው ይዘፍናል። የኮራሁበትን ትተው ያሳቀቻቸውን ለሚጠይቁኝ ለማኅበርተኞቼ ይህን ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ሲዲውን ተወውና ጋሼ...» ነው የሚሉት።

በአንጻሩ ሰውዬው ታላቅ ቋጣሪ ነው፤ በዚህ ወድጄዋለሁ። ያልወጡ ሥራዎቹን በየሣጥኑ አኑሮ፣ እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሹም ቀን በቀን እየለየ፣ በ2009፣ በ2020 እና በ2024 በትልልቅ ሣጥን አድርጎ አውጥቷል፤ «ሆምግሮን» የተባለውንም ሥራ በ1975 ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ሐሳቡን ለውጦ ከሸሸገው በኋላ 45 ዓመት ቈይቶ በ2020 ለሰው ሰጥቶታል። ይህን ከእኅቴ ልጅ ስሰማ አንድ ነገር በሆዴ ተነሣ። አርባ አምስት ዓመት የተሸሸገ ዘፈን ከወጣ፣ የእኔ የወንድማማቾቹ ፋይልስ ለምን ይቅር?

ስለዚህ በግንቦት ሚካኤል፣ ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ሲዞር፣ ያ ቀድሞ የሚጠግበው ሰው አፉን እየጠረገ ወደ እኔ ሲዞር ቀደምሁትና፦ «ዛሬ ሌላ እነግራችኋለሁ» አልሁ። ዝም አሉ። እኔም ጀመርሁ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት 18 ዓመት ሲካሰሱ ኖረው ፋይላቸው ከመዝገብ ቤት እንደ ጠፋ፣ ያለ ፋይልም ዳኛው አላይም ስላላቸው ሁለቱም በየማለዳው እየመጡ ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክከው አቧራ ሲቅሙ እንደ ዋሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ተኰራርፈው በግራና በቀኝ፣ በሁለተኛው ቀን መሰላሉን አንዱ ለአንዱ እየያዘ፣ በሦስተኛው ቀን የአንዱን ቈሎ ሁለቱ እየበሉ፤ እኔም በዚያው በሦስተኛው ቀን ማታ ፋይሉን አግኝቼው ሳለ፣ የዘመኑን ደንብና የራሴን መሐላ ጥሼ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሳምንቱን ሙሉ እንዳስፈለግኋቸው፤ በስምንተኛው ቀን ተያይዘው መጥተው «ተወው ጌታዬ፣ ከእንግዲህ አንፈልገውም» እንዳሉኝ ነገርኋቸው።

ጸጥታ ሆነ። ዝንብ ከዳቦው ላይ ስትነሣ ተሰማች።

«ደኅና ናት» አለ በመጨረሻ ያ ሰው፣ በርጩማው ላይ እየተመቻቸ፤ «ብቻ አንተን አትመስልም።» ሌላው ደግሞ «ለመሆኑ ይህ የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያስለቅስ?» ብሎ ጠየቀ። የእኅቴ ልጅ ከጥግ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝና «ጋሼ፣ 3.3 ሚሊዮን ዶላር» አለኝ። ባለቤቴም የእንግዶቹ ፊት መቀዝቀዙን አይታ፣ መቅጃውን እንደ ያዘች፣ «ያችን የእኅቱን ሠርግ ዕለት፣ በቅሎዪቱ ከኋላው ስትመጣ...» ብላ ጀመረችልኝ። ምን ይደረግ? ከእጇ ተቀበልኋትና ቀጠልሁ፤ ግራ እጄንም በራሴ ላይ ጫን፣ ጫን አደረግሁ፤ ጥብጣቡ ላይ ስደርስ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እንግዶቹ ሲበተኑ፣ ከማኅበራችን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ በባርኔጣዋ ስቀው የማያውቁት አንድ አዛውንት ከደጃፉ ወደ ኋላ ቀሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ፈልገው፣ ሌሎቹ ከግቢው እስኪወጡ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ፋይሉን» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በመጨረሻ የት ሸሸግኸው?»